በጆሮ የተመረጠው ኮምፒውተር

በዚያ ቤት ቀኑ ሌሊት ነበር። አባትየው ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። ከተማው ሲተኛ እሳቸው ሊጥ ሲያቦኩና ምድጃ ሲያነዱ ያድራሉ፤ ሰው ወደ ሥራው ሲወጣ ወደ አልጋቸው ይገባሉ። አልጋቸው ደግሞ ያለው ሳሎን ውስጥ፣ ከአንድ ወፍራም መጋረጃ ጀርባ ነው። ስለዚህ ልጆቻቸው አፋቸውን የፈቱት በሹክሹክታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወንበር ይነሣል እንጂ አይጎተትም። ሻይ በእንጨት ማንኪያ ይማሰላል። እናትየው ልጆቿን የምትጠራው በእጇ ጠቅሳ ነው። ሲጣሉም ድምፅ ስለማያወጡ ጎረቤት «አይ ፍቅር!» እያለ ይቀናባቸዋል።

ታላቅ ወንድምየው ኮምፒውተር ሳይኖረው ስለ ኮምፒውተር ያላነበበው ስለሌለ ጓደኞቹ «ፕሮፌሰር» ይሉታል። ታናሽ እህቱ ሚጡ ናት፤ ሃያ ዓመት አልፏት እንኳ የልጅነት ስሟ አልለቀቃትም። ለጌም የሚሆን የራሳቸውን ኮምፒውተር፣ ዕቃውን እየመረጡ ገዝተው፣ በገዛ እጃቸው ሊገጥሙ ካሰቡ ቆይተዋል። ማታ ማታ ሁለቱም ትምህርት ስላላቸው መጫወት የሚችሉት ቀን ነው፤ ጠረጴዛው የሚገባውም ሳሎን ብቻ፣ ያውም ከመጋረጃው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ።

«ግዙ» አሉ አባትየው ሲጠየቁ። «ግን አንድ ቀን ከእንቅልፌ ከቀሰቀሰኝ ወደመጣበት ይመለሳል። እንቅልፍ ያጣ ጋጋሪ ዳቦ ያሳርራል፤ ዳቦ ያሳረረ ጋጋሪ ደግሞ ቤቱ ይውላል።»

እየሳቁ ነው የተናገሩት። ቃላቸውን እንደማያጥፉ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

ፕሮፌሰር ምርጫውን በልቡ ጨርሶ ነበር ሱቅ የሄደው። ሦስት ትንንሽ ማራገቢያ ያሉትና ቀለሙን እየቀያየረ የሚያበራ፣ የጌሙን ምስል ወደ ስክሪን የሚልክ ግራፊክስ ካርድ፤ ዕቃው ሁሉ የሚገባበት፣ ጎኑ መስታወት የሆነ ኬዝ። ገና ከበሩ «ያውና!» አለና መደርደሪያው ላይ ተለጠፈ።

ሚጡ ወደ ባለሱቁ ዞረች። «ይሄ ሲሠራ መስማት ይቻላል?»

«ማየት ማለትሽ ነው?»

«መስማት።»

ባለሱቁ ግራ እየገባው ካርዱን የማሳያው ኮምፒውተር ላይ ገጥሞ አንድ ከባድ ጌም ከፈተላት። እሷ ሬዲዮውን እንዲያጠፋ ለመነችውና ጆሮዋን አስጠጋች። ማራገቢያዎቹ ጮኹ።

«ይሄማ ፀጉር ቤት ነው» አለች። «ሌላ?»

ሌላ ሰጣት። እሱንም ሰማች። ሌላ። ባለሱቁ በመጨረሻ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«የኔ እህት፣ ሰው ኮምፒውተር የሚመርጠው በዓይኑ ነው። አንቺ እንደ ሐብሐብ በጆሮሽ ትመርጫለሽ!»

«ምን ላድርግ? አባቴም የሚካፈለው በጆሮው ነው።»

ፕሮፌሰር አንገቱን ደፍቶ «አዋረድሽን» አላት፣ እንደ ቤታቸው በሹክሹክታ።

እሷ ያነሣችው ካርድ ፍጥነቱ እሱ ከተመኘው አንድ ደረጃ ያንሳል። ነገር ግን ከባድ ሥራ ከሌለበት ማራገቢያዎቹ ጭራሽ ይቆማሉ።

«ሚጡ፣ ያ የምትወጂው የመኪና ውድድር በሙሉ ጥራት አይሄድልሽም እኮ!»

«አውቃለሁ። ዛፎቹ ትንሽ ይደብዝዙ። እኔ የማየው መንገዱን ነው።»

ለኬዙ ማራገቢያ ሲመርጡም ትልልቆቹን ወሰደች። ትንሹ ያንኑ አየር ለመግፋት እንደ እብድ መሽከርከር አለበት፤ ትልቁ ግን ዘና ብሎ ይገፋዋል አለች። ፕሮፌሰር ይህን ስንት ጊዜ አንብቦታል! በቁጥሩ፣ በሰንጠረዡ ጭምር ያውቀዋል። ቁጥሩን ከንባቡ አውጥቶ ከዚያ መጋረጃ አጠገብ ማስቀመጥ ግን አንድም ቀን አልመጣለትም። እህቱን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ወዲያ ክርክሩን ትቶ በሚያውቀው ገባ፤ ሁሉ የሚሰካበት ማዘርቦርድና ፕሮሰሰሩ እንዲስማሙ፣ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ፓወር ሰፕላይም ለሁሉም እንዲበቃ አድርጎ የመረጠው እሱ ነው። ኬዙ ላይ ብቻ አንድ ጊዜ አፉ አመለጠው። መስታወት የሌለው፣ ውስጡ በስፖንጅ የተለበጠ ጥቁር ሣጥን ነበር።

«ይሄ እኮ ቁም ሣጥን ነው!»

«ቁም ሣጥን ሲጮህ ሰምተህ ታውቃለህ?»

ዕቃው ቤት ሲገባ አባትየው ተኝተዋል። እስኪነሡ መጠበቅ ይቻል ነበር፤ ግን ማን ትዕግሥት አለው? ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ አነጠፉ፤ ብሎኖቹን እንዳይንኳኩ ካልሲ ውስጥ ከተቱ። ፈተናው የመጣው ራም የሚባሉት ሁለቱ የማስታወሻ ሰሌዳዎች ጋ ሲደርሱ ነው። ራም ጠንከር አድርገው ካልተጫኑት ቦታው አይገባም፤ ሲገባ ደግሞ ቀጭ ይላል። ፕሮፌሰር ራሙን እንደያዘ መጋረጃውን አየ።

ሚጡ ጣቷን አነሣች። «ቆይ። አባዬ ሲያንኮራፋ ትጫናለህ።»

ከመጋረጃው ጀርባ ረጅሙ ማንኮራፋት ሲመጣ ጣቷን ጣል አደረገች። ቀጭ! ማንኮራፋቱ ዋጠው። ሁለተኛውም እንደዚያው ገባ። ፕሮፌሰር በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ብልሃት አይቶ አያውቅም።

ሁሉም ተገጥሞ አለቀ። ኮምፒውተሩ መብራቱን የምትጠቁመዋን ትንሽ መብራት ሳይቀር ለአባታቸው ዓይን ሲሉ ሽቦዋን ሳይሰኩ ተዉአት። ፕሮፌሰር ማብሪያውን ተጫነ።

ምንም የለም። ድምፅ የለም፣ መብራት የለም፣ ስክሪኑ ጨለማ ነው። ደግሞ ተጫነ። ዝም። እንደገና ተጫነ። ዝም።

«ሞተ» አለ ፊቱ አመድ መስሎ። «የኔን ምርጫ ብንገዛ ቢያንስ መብራቱን እናይ ነበር!»

«ዝም በል፤ ደግሞም መነካካትህን ተው» አለችውና መዳፏን ከኬዙ ጀርባ፣ አየር መውጫው ላይ ዘርግታ ቆየች። አንድ ለብ ያለ ነገር እጇን ዳሰሳት።

«ትተነፍሳለች!»

«ማን?»

«እሷ ናታ! በርታለች። የምታጠፋት አንተ ነህ።»

ፕሮፌሰርም እጁን አስጠጋ። እውነት ነው። እንዲያ ከሆነ ምስሉ የት ሄደ? ጎንበስ ብሎ ጀርባዋን አየና ጆሮው ድረስ ቀላ። የስክሪኑን ኬብል ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሳይሆን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶታል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውን፣ እሱ ራሱ ለስንት ጓደኛ «ተጠንቀቁ» ያለውን ስሕተት። ነቅሎ ቦታው ላይ ሲሰካው ስክሪኑ ቦግ አለ።

«ፕሮፌሰር!» አለች ሚጡ፣ ሳቋም አመለጣት። ሹክሹክታ አልነበረም፤ እስከ ጣሪያ የሚደርስ፣ ስንት ዓመት ሲታፈን የኖረ ሳቅ ነበር።

ማንኮራፋቱ ቆመ። መጋረጃው ተከፈተ።

«ምንድን ነው?» አሉ አባትየው ዓይናቸውን እያሹ።

ፕሮፌሰር እንደ ምንም «አባዬ፣ ኮምፒውተሩ አይደለም...» አለ።

«እሱማ መች በራና?»

«በርቷል አባዬ።»

አባትየው ስክሪኑን አዩ፣ ጥቁሩን ሣጥን አዩ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ለጠፉበትና ቆዩ። ምድጃ ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«የቀሰቀሰኝ ይመለሳል ብዬ ነበር» አሉ ቀና ሲሉ፣ ጣታቸውን ወደ ሚጡ ቀስረው። «ይቺን የሚቀበል ሱቅ አለ?»

ፕሮፌሰር ቀበል አደረገ። «ጠይቀናቸው እምቢ ብለዋል!»

አባትየው እየሳቁ መጋረጃውን ዘጉ። ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋታቸው ቀጠለ፤ ሳሎኑ ውስጥ ከእሱ ሌላ የሚሰማ የለም። ሚጡ ዛፎቹ ደብዘዝ ባሉበት መንገድ ላይ መኪናዋን አስነሣች።

በማግስቱ ጓደኞቹ ፕሮፌሰርን ከበው «ንገረና፣ ምን ያህል ትፈጥናለች?» አሉት።

«ፍጥነቷን ተዉት» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እህቴ የመረጠቻት ናት። አባቴ አጠገቧ ተኝቶ ይውላል።»