ወለተ ጻድቅ ብሎ የጠራት ሰው

ይርጋነሽ ቢቸና ገበያ ዳር ያለችውን የክር ሱቋን እየከፈተች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው የወንድ ድምፅ ረጋ ብሎ፣ «ወለተ ጻድቅ?» አላት።

ሳታስበው «አቤት» አለች። ሰውየው ሌላ ቃል ሳይናገር ዘጋው።

ስመ ክርስትናዋን የሚያውቁት የንስሐ አባቷና ሞጣ ጤና ጣቢያ አዋላጅ የሆነችው ልጇ መክሊት ብቻ ናቸው። ከእነሱ ሌላ የሰጠችው አንድ ቦታ ነው። ባለፈው ክረምት በኢንተርኔት ዕቃ ከሚሸጥ ድርጅት ለመክሊት የዝናብ ጫማ ስታዝ፣ ሰው የማያውቀው የምስጢር ቃል አስገቢ ቢላት፣ ከዚህ የበለጠ ምስጢር የለኝም ብላ እሱን አስገባች። ትናንት ደግሞ ድርጅቱ የደንበኞች መረጃ መሰረቁን በመልእክት ነግሯት፣ ነገሩ ስላልገባት ትታው ነበር።

ጎረቤቷ ባንቺዓለም ስትሰማ የክር ድውሯን አስቀመጠች። «ስመ ክርስትናሽን ለጫማ ሻጭ? ደብተራ እጅ ከገባ አለቀልሽ። በይ ጠበል ሂጂ።»

ይርጋነሽ ነጠላዋን አነሳች። መጀመሪያ ግን ስሟን እንዲያጠፉላት ወደ ድርጅቱ ደወለች። ብዙ ሙዚቃ ካሰሟት በኋላ አንዲት ልጅ መስመሩ ላይ መጣች።

«ማንነትዎን ለማረጋገጥ የምስጢር ቃልዎን ይንገሩኝ፣ እናቴ።»

«እሱን አይደል እንዴ ያሰረቃችሁብኝ?»

«ይገባኛል። ግን ሲስተሙ ያለሱ አይከፍትልኝም።»

ይርጋነሽ ወደ ግድግዳው ዞራ በሹክሹክታ ተናገረች።

«አመሰግናለሁ። አዎ፣ የእርስዎም ወጥቷል። የምስጢር ቃልዎ፣ ስልክዎ፣ የተቀባይዋ ስም፣ ስልክና የሥራ ቦታ።»

«የተቀባይዋ?»

«የመክሊት። ‹ልጄ› ብለው ያስመዘገቧት፣ የሞጣዋ።»

ይርጋነሽ ጠበሉን ረሳችው። ሰው ከመንገድ እየታገተ የሚወሰድበት ጊዜ ነው። ለመክሊት ደወለች፤ መስመሩ ተይዟል። ደግማ ደወለች፤ አሁንም ተይዟል። ባንቺዓለም ስልኩን ተቀብላ ትሞክርላት ጀመር።

በመጨረሻ ሲነሣ ይርጋነሽ ስልኩን ነጠቀቻት።

«እማዬ?» መክሊት ታለቅሳለች። «አለሽ?»

«አለሁ። የት ነሽ?»

«አንድ ቄስ ደውለው፣ ‹እናትሽ ወለተ ጻድቅ እያጣጣረች ነው፤ ሳናቆርባት ድረሽ› አሉኝ። ስምሽን ሲጠሩ አመንኳቸው። ልደውልልሽ ብል መኪና እስኪደርስ መስመሩን አልለቀቁልኝም። የላኩት መኪና በር ላይ ቆሟል። ቦርሳዬን ልይዝ ገብቼ ነው።»

«እንዳትወጪ። ዘበኛውን ጥሪ። ያለውን ሰው ሁሉ ጥሪ።»

መክሊት «ጋሽ ስጦታው» እያለች ስትጣራ፣ ሰዎችም ሲሮጡ ተሰማ። ከዚያ የመኪና ሞተር ተነሣ፤ ድምፁ እየራቀ ሄደ።

«ሄዱ፣ እማዬ» አለች መክሊት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይርጋነሽ አንገቷን ደፍታ ስትወጣ፣ ከኋላዋ ረጋ ያለ ድምፅ «ወለተ ጻድቅ» አለ። ቆመች። አቤት አላለችም፤ ዞራም አላየችም።

«እኔ ነኝ እኮ ልጄ» አሉ የንስሐ አባቷ፣ መስቀላቸውን እንደዘረጉ።