ጥቁሩ ባልዲ

ባልዲዬ ጥቁር ቀለም መቀባቱን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ልብስ የምዘፈዝፍበት ነጭ ባልዲ ነበር። ልጄ “ለአንድ ነገር ፈልጌው ነው” ብላ ስትወስደው አልከለከልኳትም። ቀለሙን ያየሁት የዕቃ ቤቱ በር ላይ አዲስ ጓጉንቸር ከተንጠለጠለ በኋላ፣ በመስኮቱ አጮልቄ ነው። ደህና ነገር የሚያዝበትን ዕቃ ማን ጥቁር ይቀባዋል?

“ሰላጣ ልተክል ነው፣ እማ” አለችኝ። “ብርሃን እንዳይገባና ውሃው እንዳይሻግት ነው የቀባሁት። ያለ አፈር ነው የሚበቅለው።”

“ያለ አፈር የሚበቅል ወሬ ብቻ ነው።”

“እንደሱ ቢሆንማ ሰፈራችን ጫካ በሆነ ነበር!”

እሷ ትስቃለች፤ እኔ ግን ሻንጣዋን አስባለሁ። ከልብስ ፋብሪካው ከተቀነሰች ወዲህ ጓደኛዋ ወዳለችበት ሩቅ ከተማ ልትሄድ ተዘጋጅታ ነበር። አሁን አንድ የሆቴል ሼፍ አርብ መጥቶ ሰላጣውን እንደሚያይ ነግሯታል። ከወደደው እዚሁ ሆና ታቀርብለታለች፤ ካልወደደው ትሄዳለች። ሻንጣው አልጋዋ ሥር ነው። ቤት በጠረግሁ ቁጥር መጥረጊያዬ ይነካዋል።

ሥራውን የሚያግዛት አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ከአፉ ቃል ስለማይወጣ ሰፈሩ “ጭጭ” ይለዋል። ዝምተኛ ሰው ያስፈራኛል። ለፍላፊ ቢዋሽ ወዲያው ይያዛል፤ ዝም ያለውን ግን በምን ትይዘዋለህ? ደግሞ ልጄ ውሃው ውስጥ የምትበጠብጠውን ነጭ ዱቄት ያመጣላት እሱ ነው። ማዳበሪያ ነው ትላለች። ስኳርም ነጭ ነው፣ መርዝም ነጭ ነው።

አንድ ጠዋት ልጄ ሰፈር ውስጥ ያለች ልብስ ሰፊ ልታግዝ ስትወጣ የጓጉንቸሩን ትርፍ ቁልፍ ፈለግሁ። ወጥ ቤት፣ የዱቄት ጣሳ ሥር አገኘሁት፤ መደበቅ የተማረችው ከእኔ ነዋ።

ዕቃ ቤቱን ከፍቼ ስገባ ግድግዳው ላይ ነጭ ቧንቧ ተጋድሟል። ቧንቧው በየርቀቱ ተበስቶ፣ በየቀዳዳው ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ፣ በየኩባያው አንድ ቅጠሉ የሰፋ ሰላጣ ተቀምጧል። አንዱን ብድግ ባደርገው ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጺም ተንዠረገገ። ውሃው በቧንቧው ውስጥ ቀጠን ብሎ እየፈሰሰ ጥቁሩ ባልዲ ውስጥ ይመለሳል። ባልዲው ውስጥ ያለ ትንሽ ፓምፕ ደግሞ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። የፓምፑን ገመድ በዓይኔ ተከተልኩት። አንዱ ጫፉ ሶኬት ላይ ነው፤ ሌላው ውሃ ውስጥ!

ሰው በሌለበት ቢፈነዳስ? ቤቱ ቢያያዝስ? ነቀልኩት። ልጄን እንዳልናገራት ተኳርፈን ሻንጣዋን ታነሳለች ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ወዲህ ስትወጣ እነቅላለሁ፣ ለምሳ ልትመጣ ስትል እሰካለሁ።

ሐሙስ ዕለት ቅጠሎቹ አንገታቸውን ደፉ።

“አሁን ሼፉ ሊመጣ ሲል?” አለች ልጄ። ድምፅዋ ቀጠነብኝ።

“ጭጭ ነው። ያ ዱቄቱ ነው።”

“ምን አድርጎሽ ነው እሱን እንዲህ የጠላሽው?”

“ምንም አላደረገኝም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።”

አርብ ጠዋት ልጄ ቧንቧውን እንዲፈትሽላት ጭጭን ጠርታ እሷ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደች። እኔ ቀድሜ ገመዱን ነቅዬ ነበር። ጭጭ ገባ፣ ጎንበስ አለ፣ ገመዱን ከወለሉ አንስቶ ሰካው። እኔም ሳጥን ገልብጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፤ ዛሬ እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ ብዬ።

“እናቴ፣ ሥራ የለዎትም?” አለ መፍቻውን እያነሳ።

“ሥራዬ አንተ ነህ።”

ሳቀ። ጥርሱን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ቧንቧውን አጠበ፣ መጋጠሚያውን አጠበቀ። ዱቄቱን አልነካም፣ እጁም ኪሱ አልገባም። እሱ ስላለ እኔም ገመዱን መንቀል አልቻልኩም።

ለምሳ ልጄ ስትመጣ ቅጠሎቹ ቀና ብለዋል።

“ምን አደረግክላቸው?” ብላ ጮኸች።

“ምንም” አለ። እኔን አየኝ፣ ሶኬቱን አየ፣ መፍቻውን ሰበሰበና ሄደ።

ያኔ ገባኝ። ጠባቂ ሆኜ የተቀመጥኩበት ሌባ እኔው ነበርኩ። ሰውዬውም ጠዋት ገና ሲገባ አውቋል። የፈራሁት ዝምታ ሸፈነኝ። ቢሆንም፣ የእኔን እንዲህ የደበቀ የሌላውን ስንት ደብቆ ይሆን?

አመሻሹ ላይ ሼፉ መጣ። ቅጠል ቆርጦ አኘከ፣ ሥሩን አሸተተ፣ አሁንም አኘከ።

“ሰኞ ይዘሽልኝ ነይ” አላት።

ሲሄድ ልጄ አቅፋኝ ዞረች። ትከሻዋ ላይ ሆኜ እንኳ ዓይኔ ከገመዱ አልተነሳም።

“ይሄ ነገር እሳት ቢያነሳስ?”

“ለውሃ የተሠራ ነው፣ እማ። ሰላጣዎቹ የሚሞቱት ፓምፑ ከቆመ ነው።”

“አውቄያለሁ።”

ለቀቅ አድርጋ ትክ ብላ አየችኝ። “እማ… አንቺ ነሽ እንዴ?”

“እኔ ነኝ። ተቃጥለሽ ከማይሽ ሰላጣው ይሙት ብዬ ነው። አሁን ሻንጣሽን ከአልጋው ሥር አውጪልኝ፤ መጥረጊያዬን እያደናቀፈ አስቸገረኝ።”

መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ሳቋ መጣ፣ ከዚያ ሻንጣውን እየጎተተች አውጥታ ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀለችው።

ሲጨልም ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ፓምፑ ከውስጥ ያጉረመርማል። ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ፣ የተቃጠለ ነገር እንዳለ አሸተትኩ፣ ደግሜም አሸተትኩ። ከዚያ ትርፉን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ ከኋላዬ ለቆመችው ልጄ ሰጠኋትና፣ ገመዱን እንደተሰካ ትቼ፣ ጓጉንቸሩን ተጭኜ በሩን ቆለፍኩት።