የሮዋን ሦስት ትርጉም

ማርቲ የልጇን ስም ለማውጣት ስትል ሦስት ሰው ሸወደች። ከሦስቱ አንዱ ፓስተር ነበር።

ስሙን ያገኘችው ጀርመን አገር፣ ኡንተርሊደርባህ ከምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ነው። ግቢው ውስጥ ቀይ ፍሬ የሚያንዠረግግ ዛፍ አለ፤ ጀርመኖቹ ፎግልቤሬ፣ የወፍ ፍሬ ይሉታል። አንዲት የስኮትላንድ ባልቴት ግን «ሮዋን» ሲሉ ጠሩላት። ትርጉሙን ስትጠይቃቸው «ቀይ ማለት መሰለኝ» አሏት፣ ይኸው ነው። ማርቲ እርጉዝ ሳለች በየእረፍቷ እዛፉ ሥር ትቀመጥ ነበር፤ ማንም ምንም የማያዛት እዚያ ብቻ ነበር። ስሙን ወደደችው፣ አበቃ።

ግን የሐበሻ ልጅ ስም ያለ ትርጉም ይወጣል እንዴ? አራስ ሊጠይቁ ከደብረ ብርሃን የመጡት አማቷ ወይዘሮ አረጋሽ ደግሞ የእናታቸውን ስም ያለምዘውድን ይዘው መጥተዋል። ማርቲም «ዛፉን ደጃፍ ላይ የሚተክሉት ቡዳ እንዲያባርር ነው» አለቻቸው። ስሙ በየወረቀቱ ሌላ ሌላ ሆኖ የተጻፈበትን ባሏን ብሩኪን «በጀርመንኛ አምስት ፊደል ብቻ ነው፤ ልደት የሚመዘግበው ሽታንድስአምት ሄደን አንጨቃጨቅም» አለችው። ለፓስተር ዋሲሁን ደግሞ ቀይ ፍሬው የበጉን ደም እንደሚያስታውስ ነገረችው። ሦስቱም እሺ አሉ።

እሑድ ልጅቷ ለጌታ ስትቀርብ ፓስተሩ በኪራይ አዳራሹ መሐል አቀፋት። «ስሟ ሮዋን ነው! ትርጉሙን አያቷ ይንገሩን» ብሎ ማይኩን ለወይዘሮ አረጋሽ ሰጠ። ማርቲን ላብ አጠመቃት።

«ቡዳ አባራሪ!» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ።

አዳራሹ አጉረመረመ።

«የበጉ ደም አይደል እንዴ?» አለ ፓስተሩ። «እኛ እኮ በቡዳ አናምንም፣ እማማ።»

«እናንተ ባታምኑበት እሱ መች ይተዋችኋል?»

«አምስት ፊደል ነው ያልሽኝ» አለ ብሩኪም።

ሁሉም ወደ ማርቲ ዞረ። እንባዋ መጣ። «ስለወደድኩት ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሙሽራ ስሆን ለኔም እማማ ናቸው ሌላ ስም ያወጡልኝ። የልጄን እንኳ እኔ ላውጣ!»

ወይዘሮ አረጋሽ ማይኩን ዝቅ አደረጉ። «እኔንም አረጋሽ ያሉኝ አማቴ ናቸው» አሉ። «በእናቴ ቤት ስሜ የሚጠራኝ ሰው ካለቀ ሃያ ዓመት ሆነ። በይ፣ ሮዋን ትባል።»

«ማን ነበር ስምዎ?» አለች ማርቲ።

ጠጋ ብለው በጆሮዋ ነገሯት።

«ትርጉሙስ?»

«እኔ እንጃ» አሉ እየሳቁ፤ «ስጠራበት ግን ደስ ይለኝ ነበር።»