ንኪ፣ የኔ እናት

በእኔና በበር መካከል የቆየ ቂም አለ። ሌላው ሰው ከጎረቤቱ ወይ ከአማቱ ይቀያየማል፤ እኔ የተቀያየምኩት ከበር ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርቴ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ፊደል በቅጡ የለየሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ እሱንም የሱቅ ስምና የግድግዳ ጽሑፍ እየገጣጠምኩ። አንድ ቀን ከባለቤቴ ጋር ባንክ ሄድን። የመስታወቱ በር ላይ የተጻፈውን ማንም ሳይረዳኝ አነበብኩት፤ «ግፋ» ይላል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። እጄን ግን አላነሳሁም። ወደ ባለቤቴ ዞሬ፣ «አንተን ነው፣ ግፋ» አልኩት።

«ምን?»

«ግፋ ነዋ የሚለው። ሴት ቢፈልግ ግፊ ይል ነበር።»

እዚያው በሩ ላይ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለወንድሞቹ ነገራቸው፣ ወንድሞቹ ለሚስቶቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ ስሜ «ግፊ» ሆኖ ቀረ። ሥራ ቦታ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። እነሱ ስቀው ረሱት፤ እኔ አልረሳሁም፣ ልክ ነበርኩና። ከዚያ በኋላ ያየሁት ጽሑፍ ሁሉ የሚያዘው ወንድን ነው፤ ሳብ፣ ጠብቅ፣ እግርህን ጥረግ። ወንዱን መናገሩ በአግባቡ ነው ያልኩት አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ አጥር ላይ «እዚህ አትሽና» የሚለው።

ሥራዬ መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ የትልልቆቹ ክፍል ረዳት ነኝ። አፍንጫ እጠርጋለሁ፣ የጫማ ክር አስራለሁ፣ ሽንት ያመለጠውን እቀይራለሁ፣ የተጣላውን አስታርቃለሁ። ማስተማሩ የቲቸር ነው። ቲቸር ልጅ እግር ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የትልቅ ሰው።

ታብሌት የመጣ ጊዜ ክፍላችን ሰርግ ቤት መሰለ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ አንድ አንድ ይታደላቸዋል፣ ከዚያ ከውስጥ ድምፅዋ ማር የሆነ ሴት ትናገራለች፤ «ቢጫውን ክብ ንካ!» በትክክል ከነኩ ኮከብ ይፈነዳል፣ «ጎበዝ!» ትላለች። ከሳቱ «እንደገና ሞክር!» ልጆቹ «እትዬ ታብሌት» ብለው ስም አወጡላት። ቀናሁ መሰለኝ፤ እስከዚያ ድረስ እትዬ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዱ ውርጋጥማ መስኮቱን በጣቱ ወደ ጎን እየገፋ፣ «እትዬ፣ ዝናቡ አልሄድ አለ፤ ተበላሽቷል» አለኝ።

ሁሉም ነካ፤ ሚጢጢ ብቻ አልነካችም።

ሚጢጢ መንታ ናት። ወንድሟ በአንድ ራስ ይበልጣታል። እሷ ስትቀመጥ ወንበሩ ባዶ ይመስላል፤ ሚጢጢ ያልኳትም ለዚያ ነው። ታብሌቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እጆቿን አጣጥፋ ታየዋለች። «ንካ» ይላል፤ ዝም። «እንደገና ሞክር» ይላል፤ ዝም። አኩርፋ አይደለም። ፊቷ የሰው ቤት ሄዶ «ግባ» እስኪባል ደጃፍ ላይ የቆመ እንግዳ ፊት ነው።

ቲቸር ተንበርክካ ለመነቻት። እኔም ጣቷን ይዤ ላስነካት ሞከርኩ፤ እንደ ቀንድ አውጣ ሰብሰብ አደረገችው። ግትር ናት። ግትርነትን ደግሞ ለእኔ ማንም አይነግረኝም።

ታብሌቱ ዝም ያለውን ልጅ ሁሉ «አልቻለም» እያለ ይቆጥራል። ዳይሬክተሯ አየችና፣ እስከ ዓርብ ለውጥ ከሌለ ሚጢጢ ወደ ታናናሾቹ ክፍል ትውረድ አለች። «ለእሷው ብዬ ነው፤ እዚህ ከምትጨነቅ» አለች፤ ክፋት የላትም። የታናናሾቹ ክፍል ግን ከግቢው ማዶ ነው። እነዚህ መንትዮች ደግሞ ምንጣፉ ላይ ሲተኙ እንኳ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁልጊዜ ሹራቧ ላይ ክር ተንጠልጥሎ ነው የምትመጣው። ያን ቀን በር ላይ ያዘችኝ።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ልጄ አእምሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለ?»

«ሟርትሽን ወዲያ!»

«ቤት እኮ አፏ አይከደንም። ሜትሬን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ 'እጅሽን ዘርጊ፣ ቀጥ በይ' እያለች እኔኑ ትለካኛለች።» ክሩን ከሹራቧ ነቅላ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች። «እዚህ ስትመጣ ምን ያስፈራታል?»

አይዞሽ አልኳት።

በማግስቱ እርሳስ የምቀርጽ መስዬ ከመንትዮቹ ኋላ ቁጭ አልኩ። እትዬ ታብሌት፣ «ሦስት ማዕዘኑን ንካ!» አለች። ወንድምየው ግራ ገባው። ሚጢጢ አንገቷን ሰገግ አድርጋ በጆሮው፣ «ቀዩን ንካ። ጫፉ ሹል የሆነውን» አለችው። ነካ፤ ኮከብ ፈነዳ። ቀጥሎ ሊስት ሲል፣ «እሱ አራት ጫፍ አለው፤ እንደገና ሞክር» አለችው።

እርሳሱ ከእጄ ወደቀ።

«አንቺ ጉደኛ! ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«ታዲያ የራስሽን ለምን አትነኪም?»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ያልገባው ሰው እንደሚታይ፣ በሐዘኔታ።

«እኔን አላለችኝማ።»

«ማን?»

«እትዬ ታብሌት። 'ንካ' ነው የምትለው። ወንዶቹን ነው።»

«እኔን ነዋ የምትወደኝ» አለ ወንድሟ፣ ኮራ ብሎ።

ሚጢጢ ታብሌቷን በመዳፏ ዳሰስ አደረገች። «'ንኪ' እስክትለኝ እየጠበቅኳት ነው» አለች።

አንጀቴን በላችው። ስንት ዓመት ከበር የተቀያየምኩበት ነገር በማር ድምፅ ሲመጣ በጆሮዬ አልፎ ሄዷል። ሌሎቹ ሴቶች ልጆች ምን ቸገራቸው፣ ኮከቡ ይፈንዳላቸው እንጂ አንተም በሏቸው አንቺ። ይቺ ግን ተጠርታ ካልሆነ አትገባም።

ለቲቸር አንገቴን አቀርቅሬ ነው የነገርኳት፤ ሳቁን ለምጄዋለሁ። አልሳቀችም። እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እትዬ፣ እኔም እኮ ሴት ነኝ» አለች። «ለምጄው ነው መሰለኝ፣ አይሰማኝም።»

ልጆቹ የቀን እንቅልፋቸውን ሲተኙ ታብሌቱን ስትጎረጉር ቆየች። ከዚያ በሹክሹክታ ጠራችኝ። «በራሳችን ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ይናገሩ።»

«እኔ? የተማርሽው አንቺ!»

«እኔን ጉንፋን ዘግቶኛል። ደግሞ ሚጢጢ ጠዋት ስትመጣ ሮጣ የምታቅፈው ማንን ነው?»

ዕቃ ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። መጀመሪያ ሩቅ አገር እንደሚደውል ሰው ጮህኩበት፤ ከወዲያ አንዱ ልጅ ነቅቶ አለቀሰ። ቀጥሎ ልጁን ፈርቼ ሹክ አልኩበት። ኋላ ዓይኔን ጨፈንኩና ሚጢጢን ፊቴ አስቀመጥኳት።

«ቢጫውን ክብ ንኪ፣ የኔ እናት።»

«እትዬ፣ 'የኔ እናት' እኮ የለበትም።»

«ታዲያ ባዶውን ልዘዛት? ደጃፍ ላይ የቆመች ልጅ!»

ቲቸር ጣቷን አነሳች። ልታጠፋው ነው ስል፣ «እሺ፣ ቀጣዩን» አለች።

ዓርብ ጠዋት ዳይሬክተሯ መጣች፤ በልጆቹ ወንበር ጉልበቷ አገጯን እስኪነካ ተቀመጠች። ቲቸር ታብሌቱን ለሚጢጢ ሰጠቻት። እኔ መጥረጊያ ይዤ የተጠረገ ወለል እጠርጋለሁ።

ከታብሌቱ ድምፄ ወጣ። እንደዚያ ወፍራም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሚጢጢ እኔን አየች። ታብሌቱን አየች። እንደገና እኔን። ከዚያ እጆቿን ፈታች፤ ለታብሌቱ «እሺ» አለችውና ቢጫውን ክብ ነካች።

ከዚያማ ማን ያስቁማት። ትልቁን፣ ትንሹን፣ ሹሉን፣ ለእያንዳንዱ «እሺ» እያለች ነካች። ዳይሬክተሯ ተደግፋ ከትንሿ ወንበር ተነሳች፤ «እዚሁ ከወንድሟ ጋር ትቆይ» ብላ ወጣች።

ጣጣው ኋላ መጣ። ወንድሟ ታብሌቱን አስቀምጦ ከንፈሩን ጣለ። «እኔንስ ለምን 'የኔ አባት' አትለኝም?»

«እኔንም!» አለ ሌላው። «እኔንም! እኔንም!»

እኔና ቲቸር ተያየን። ተመልሰን ዕቃ ቤት ገባን።

ልጆቹ ወደ ቤት መሄጃቸው ሲደርስ የክፍላችንን መውጫ በር ቀና ብዬ አየሁት። ስንት ዓመት የተመላለስኩበት በር፣ መስታወቱ ላይ «ግፋ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከቀለም ሳጥኑ ቀዩን አወጣሁና ከሥሩ በትልቁ፣ ፊደሌ እየተንጋደደ፣ ጻፍኩበት። ሚጢጢ አጠገቤ ቆማ ታያለች። እናቷ ከመስታወቱ ማዶ እየመጣች ነው።

«እትዬ፣ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ግፊ።»

«ስምሽን!»

«አይ» አልኳት። «አንቺን ነው።»

የወንድሟን እጅ ለቀቀች፤ ሁለት መዳፏን በሩ ላይ አሳረፈች፤ «እሺ» አለችና ገፋችው።