የሰባት ቁጥር ሊሾ

...እና ይሄ ነው ሰባት ቁጥር ቤቴ፣ ይሄው ነው፣ ጣሪያው ተነቅሎ ግድግዳው ፈርሶ በሩ የት እንደገባ እግዜር ይወቅ፣ ቀዩ ሊሾ ግን አለ፣ በሰም እያሸሁ አወለውለው የነበረው፣ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ጉልበቴም ጉልበት ነበር። ዛሬ ከባጃጅ ስወርድ ማዘር ቀስ፣ ማዘር እጅሽን፣ ይለኛል ከሲቀላ ሠፈር ያመጣኝ ሹፌር፣ ማዘር ይበልህ አቦ።

ነገ ዶዘር ይገባል አሉ። መጋዘን ሊሠራበት። እንግዲህ ዛሬ ለድሮ ጎረቤቴ ለአበቡ ካልነገርኳት፣ እዚሁ ሊሾው ላይ ቆሜ ካልነገርኳት፣ መቼም አልነግራት፣ አርባ ሰባት ዓመት አፌ ላይ እየደረሰ የተመለሰ ነገር ነው።

እሷ ስድስት ቁጥር ላይ ናት፣ የድሮ ቤቷ፣ ያኔ የተከለችው ሽፈራው ዛፍ ሆኖ ቅጠሉን ትለቅማለች፣ ለራት ይሆነኛል ትላለች፣ አይ አበቡ፣ ሰው ለልቅሶ ይመጣል እሷ ለጎመን።

የአየር ኃይል ሠፈራችን፣ እንዴት ያለ ሠፈር ነበር። አሥራ ሁለት ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ ያንዷ ወጥ ለሁላችን ይሸታል፣ አውሮፕላን ሲነሳ ሳህኑ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫል፣ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ ጦርነት እኮ ነው፣ እኛ ግን ደስ ይለን ነበር፣ ምን ላድርግ፣ ደስ ይለን ነበር።

ከዚያ ያ ጠዋት። ባሌ ሽበሺ፣ የአውሮፕላን መካኒክ፣ ከአበቡ ባል ከገነነ ጋር ባንድ አውሮፕላን ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር። ሰው መንገድ በሄደ ቀን ቤት አይጠረግም፣ ዱካው ይጠፋል፣ አይመለስም፣ እናቴ ደብረ ማርቆስ ያስተማረችኝ ነው፣ አውቅ ነበር፣ ግን ጫማው ጭቃ ጥሎ ሄዷል፣ ሊሾዬ ላይ፣ ጠረግሁት። ያውም እያንጎራጎርኩ። በወሩ ወረቀት መጣ፣ በግዳጅ ላይ እያሉ መሰዋታቸውን በታላቅ ሐዘን እንገልጻለን፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ገነነ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ዕድላዊት አዲስ አበባ በሄደች ቁጥር ገባሁ ብላ እስክትደውል መጥረጊያ አልነካም።

አበቡ፣ እላታለሁ፣ ያን ቀን ጠርጌ ነበር። የሽበሺን ዱካ እኔ ነኝ የጠረግሁት።

ቅጠሉን ቀሚሷ ላይ እንደያዘች ታየኛለች። እኔም ጠርጌያለሁ፣ ትላለች።

ምን?

በኛ ቤት መንገደኛን ጸልየን እንሸኛለን፣ ከዚያ ይጠረጋል፣ ገነነ በሄደ ቁጥር እጠርግ ነበር፣ ያን ቀንማ ባንቺ መጥረጊያ ነው፣ የኔ አልቆ ካንቺ ተዋስኩ፣ ረሳሽው እንዴ እጅጌ?

ረሳሁት። ባንድ መጥረጊያ፣ ሁለት ቤት፣ አንዱ መጣ አንዱ ቀረ። ብነግራት ኖሮ ያኔውኑ፣ ቧንቧው ጋ፣ ባልዲው እስኪሞላ ያበቃ ነበር። ልሳቅ ላልቅስ አላውቅም፣ እያለቀስኩ ነው መሰለኝ፣ አበቡ የሽፈራው ቅርንጫፍ ሰብራ ትሰጠኛለች፣ ጎንበስ እላለሁ፣ ወገቤን፣ አፈሩ ይሄዳል፣ ደረቁ ቅጠል ይሄዳል፣ ቀዩ ብቅ ይላል፣ በል ሽበሺዬ፣ በል ሂድ እንግዲህ፣ እየጠረግሁ ነው