ያልታረመው ማሳ

ልብስ ሰፊዋ አባቷን አልቀበረችም። መርዶው የደረሳት ከተቀበረ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ታላቅ ወንድሟ ደውሎ፣ «የአባባን መሬት የሻይ ልማቱ ሰዎች ፈልገውታል፤ ሁለታችንም ካልፈረምን አይሆንም» ሲላት፣ ልቧን ያነሳሳው ፊርማው ሳይሆን መቃብሩ ነው። ሱቋን ዘግታ፣ ወንድሟ በሚነዳው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፍራ ወደ ተራራው ወጣች።

ያን ተዳፋት ያቀናው አባታቸው ነበር። ድርቅ ከቆላ ቢያፈናቅለው ሁለት ሕፃናት ይዞ መጣና፣ ሰማይ የማያሳየውን ደን በመጥረቢያ እየመነጠረ በቆሎ ዘራ። መሬቱ መጀመሪያ ላይ ሳይለምኑት ይሰጥ ነበር። ከስምንት ክረምት በኋላ ግን ጎርፍ አፈሩን ላጠው፣ ምንጩ ነጠፈ፣ በቆሎውም ከጉልበት በላይ አላድግ አለ። ልጆቹ ከፍ ሲሉ እግሬ አውጪኝ ብለው ከተማ ገቡ። አባትየው፣ «አንድ ሰው ስንቴ ይሰደዳል?» ብሎ ቀረ።

አሁን መኪናው ሲቆም ሁለቱም ዐይናቸውን ማመን አቃታቸው። ማሳ የሚባል ነገር የለም። ጭጋግ የለበሰ፣ ሐረግ የተሳሰረበት ደን ተገትሯል።

«ተሳስተናል» አለ ሹፌሩ ወንድሟ።

«አልተሳሳታችሁም፤ እሱው ነው» አሏቸው የአባታቸው ጎረቤት፣ ሽማግሌው ንብ አናቢ፣ ከዛፎቹ መሃል ብቅ ብለው። ጉንጫቸውን ስመው፣ ቅርንጫፍ እየገለጡ ፊት ፊት ይመሯቸው ጀመር።

«አባታችሁ በመጨረሻ ማረም ተወ» አሉ እየሄዱ። «ዘሩን ወፍ አመጣው፤ እሱ አልነቀለም፤ ይኸው ነው። እኔ ሰነፈ ብዬ አምቼዋለሁ። ብጠይቀው፣ ‹ስመጣ ያገኘሁት ደን ነበር፤ ደኑን መመለስ ባልችል እንኳ እንዲበቅል ልተወው› አለኝ።»

መቃብሩ የድንጋይ ክምር ነበር፤ የዛፍ ሥር አቅፎታል። ልብስ ሰፊዋ በጉልበቷ ወደቀች። ለዓመታት ያመቀችው ልቅሶ ገንፍሎ ወጣ።

«አይዞሽ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ሊያጽናኗት። «ስማችሁን እየጠራ ነው የሄደው። ወንድምሽ በስልክ ‹እንመጣለን› ያለኝን ስነግረው፣ ሦስት ቀን ሙሉ በሩን በሩን ሲያይ ነበር።»

ልቅሶዋ ቀጥ አለ። ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ መሬት መሬት ያያል።

«እንደታመመ ታውቅ ነበር?»

«የአሥር ቀን አራስ ነበርሽ። ብነግርሽ ሕፃኑን አዝለሽ ትወጪ ነበር።»

«እሺ እኔስ አራስ ነበርኩ። አንተስ?»

ሹፌሩ ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ጨመደደው። «ፈራሁ» አለ። «ጥዬው የሄድኩ ልጅ፣ ሊሞት ሲል በምን ዐይኔ ልየው?»

ከሰዓት በኋላ ከተራራው ሥር ወዳለችው ትንሽ ከተማ ወረዱ። የሻይ ልማቱ ወኪል በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ወረቀቱን ዘርግቶ ጠበቃቸው። ሹፌሩ ፈረመ። እሷ ብዕሩን አነሳች፤ መልሳም አስቀመጠችው።

«እኔን ለመቅጣት ነው?» አላት ወንድሟ በሹክሹክታ።

«አንተን ለመቅጣትማ ሌላ መንገድ መች አጣሁ። አባባ አውቆ የተወውን እኔ አላስቆርጠውም።»

«ዛፍ አይበላም እኮ!»

«በቆሎውንም በልተን አልዘለቅንበትም፣ ወንድምዬ።»

ወደሚኖሩበት ከተማ ተመልሰው፣ ወንድሟ ሱቋ በር ላይ አወረዳት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጇን አልረገጠም። ከላይም ከታችም ያሉት ባለመሬቶች ፈረሙ፤ ዶዘር ገባ፤ ተራራው በሻይ ተክል ተሸፈነ። የአባታቸው ቁራሽ ደን ብቻውን መሃል ላይ ቀረ።

በሦስተኛው ዓመት አንድ እሑድ ሹፌሩ ማንም ሳይልከው፣ ሽማግሌም ሳያስቀድም መጣ። ደጃፏ ላይ ቆሞ፣ «ይቅር በይኝ» አላት። «ይቅር ብዬሃለሁ» ለማለት ፈለገች፤ አፏ አልታዘዝ አላት። ወንበር ግን ሳበችለት። አባታቸው ከሞተ ወዲህ፣ ከመሬቱ ጭቅጭቅ በቀር፣ አንድም ቀን ስለ እሱ አውርተው አያውቁም ነበር። ያን ቀን አወሩ።