የተነጣጠለ ድምፅ

ጂንካ ባለው የቤተ ክርስቲያን ቢሮ ሚልክያስ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም ባስነሣ ቁጥር ያው መልእክት ይመለስበታል፤ ላይብረሪው አልተገኘም። ከኋላው፣ ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ፣ የሟቹ ጓደኛው የሶርሳ እናት እማማ አበዛሽ ተቀምጠዋል። በጠዋቱ አውቶቡስ ከቀይ አፈር ከተማ የመጡት የልጃቸው ድምፅ ጂንካ ቀርቷል ሲባል ሰምተው ነው።

ቀርቷል፤ ግን ተቆራርጦ። ሶርሳ ለአሪ ብሔረሰብ ልጆች የንባብ ማስተማሪያ ሲሠራ ሙሉ ቃል አልቀዳም፤ እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ነበር የቀዳው። የፕሮግራሙን መስኮትና ቁልፎች ፓስካል በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ሠራ፤ ድምፆቹን ገጣጥሞ ቃል የሚያደርገውን ስክሪፕት ግን ሉዋ በሚባል ሌላ ቋንቋ ጻፈ። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ያ ላይብረሪ የሚሉት ፋይል ነው። የሶርሳ ኮምፒውተር በዊንዶውስ የሚሠራ ነበር፤ ተቃጥሎ ፋይሎቹ ብቻ ተረፉ። የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ያለው ደግሞ የሚሠራው በሌላ ሥርዓት፣ በሊኑክስ ነው፤ የአንዱ ላይብረሪ ለሌላው አይሆንም።

ሚልክያስ ከትናንት ጀምሮ የዊንዶውሱን ላይብረሪ ስሙን እየቀያየረ ሊኑክስን ሊያታልል ሲደክም ቆይቷል። ስም ስለቀየሩለት አገሩን የሚረሳ መስሎት! ሶርሳ ቢኖር «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ ይስቅበት ነበር። ያ ሳቅ ክፉኛ ናፈቀው።

«ልጄ፣ አስቸገርኩህ» አሉ እማማ አበዛሽ። «የማይሆን ከሆነ አውቶቡሱ ሳያመልጠኝ ልሂድ።»

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እማማ።»

ስሙን የቀየረውን ፋይል ሰረዘው። ለሊኑክስ የተሠራውን ላይብረሪ ጫነ፤ በፓስካሉ ኮድ ላይም በዊንዶውስ ያንን፣ በሊኑክስ ይህን ጥራ ብሎ ጻፈና ኮዱን እንደገና ወደሚሠራ ፕሮግራም ለወጠው። መስኮቱ ተከፈተ።

የመጀመሪያው ትምህርት ቃላት ተደርድረው ታዩ። ከሁሉም በላይ ያለው በአሪኛ «እናቴ» የሚለው ነበር። ሚልክያስ ፈራ። ሌላ ቃል፣ ውሃን ወይም ላምን፣ ሊመርጥ አሰበ። ደግሞ ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት ውሃ ሲባል ለመስማት አይደለም ብሎ የላይኛውን ተጫነ።

የሶርሳ ድምፅ ወጣ። በድምፆቹ መካከል ትንሽ ክፍተት ስለነበረ፣ ከውጭ ሮጦ ገብቶ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ የሚጣራ ይመስል ነበር።

«ወዬ!» አሉ እማማ አበዛሽ፣ ከአግዳሚው ብድግ ብለው።

ፕሮግራሙ የታዘዘውን ጨርሶ ዝም አለ። ሚልክያስ ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ዞሮ እሳቸውን ማየት አቃተው።

«ምን ሊለኝ ነው?» አሉ ቀስ ብለው።

ከመናኸሪያው የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተሰማ። እማማ አበዛሽ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።